በጌታቸው ስም የመጣው ሣጥን

ባለፈው ሳምንት ከልጅ ልጄ ከሕሊና ጋር ፒያሳ፣ ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብላ ካለች ቡና ቤት ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን ነበር። እሷ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ቆይታ «አባባ፣ ይስሙኝማ» አለችና አነበበችልኝ። ፈረንጅ አገር ነው አሉ፤ በድሮ ጦርነት ባሕር ላይ የጠፋ የባሕር ኃይል አውሮፕላን አብራሪ አፅሙ ተገኝቶ፣ በምርመራ ማንነቱ ታውቆ፣ ዘመዶቹ ሊቀብሩት ነው። ምርመራው እንዴት እንደሆነ አስረዳችኝ፤ እኔ ፊደል ቆጥሬ ብዙም ሳልርቅ ነው የተውኩት፣ አልገባኝም። ብቻ ማኪያቶው ፊቴ ቀዘቀዘ። ጌታቸው ትዝ አለኝ።

ጌታቸው ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ ነው። እሱ ተማረ፣ ባሕር ኃይል ገባ፣ ሄሊኮፕተር አብራሪ ሆነ። እኔ ጋራዥ ገብቼ ባትላሜራ ሆንኩ፤ የተጨረማመተ የመኪና ቆርቆሮ በመዶሻ ማቃናት ነው ሥራዬ። ለእረፍት ሲመጣ ግን ያው የሰፈር ልጅ ነው። እናቱ እማማ ፅጌ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ሁለታችንን በአንድ ትሪ ነበር የሚያበሉን።

መጨረሻ ወደ ምፅዋ የሄደ ቀን፣ እናቱን ተሰናብቶ ከወጣ በኋላ የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ብለን ውቤ በረሃ አንድ መጠጥ ቤት ገብተን ዱለትና ቢራ አዘዝን። አሳላፊዋ መክፈቻ ፍለጋ ብትዘገይ፣ ጉራው ተነሳና ቢራውን በጥርሱ ከፈተላት። ቆርኪው ሲነሳ የፊት ጥርሱ ግማሽ አብሮ ሄደ። ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እሱ ደሙን በመሐረብ እየጠረገ «በል እንጂ ባትላሜራው፣ መዶሻህን አምጣና አቃናልኝ» አለኝ። አፉን በእጁ ሸፍኖ፣ እየሳቀ ተሳፈረ።

ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ሄሊኮፕተሩ በረሃ ላይ መውደቁ ተሰማ። አስከሬን የለም። እማማ ፅጌ መርዶውን አልቀበልም አሉ፤ «አፈር ሳላለብሰው አላለቅስም» ብለው ጥቁር ሳይለብሱ ዓመት አለፈ፣ ሌላም ተከተለ። አንድ ክረምት ግን አንድ መኮንን የታሸገ ሣጥን ይዞ መጣ። የጌታቸው አፅም ነው ተባለ። እድሩ ድንኳን ጣለ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፣ ንፍሮ ይታደላል፣ ለቀስተኛው እርጥብ ጋቢውን እየጨመቀ ይገባል። እማማ ፅጌ ጥቁር ለብሰው ያን ሁሉ ጊዜ የያዙትን አለቀሱት። ሲያበቁ ፊታቸው ቀለል አለ፤ ያረፉ መሰለኝ።

መኮንኑ ሣጥኑ አይከፈት ብሎ ነበር። የነፍስ አባታቸው አባ ግን፣ አፅምም ቢሆን በነጭ ጨርቅ ሳይገነዝ አይቀበርም አሉ። ለግነዛው ከመጋረጃ ጀርባ ከገቡት አንዱ እኔ ነኝ። ክዳኑን አነሳሁ። የፊት ጥርሶቹ ሙሉ ናቸው። አንድም የተሸረፈ የለም።

ለአባ በጆሯቸው ነገርኳቸው። መኮንኑ ተጠርቶ ሲጠየቅ እውነቱን አወጣ፤ ሄሊኮፕተሩ ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ የተገኘው የአንዱ ብቻ ነው፤ የጌታቸው ቆብ አጠገቡ ወድቆ ስለነበር የሱ ነው ተባለ። ሌላው መካኒኩ ነው፤ አባቱ ደብረ ብርሃን አካባቢ ገበሬ ናቸው። አባ «እንግዲያው በጌታቸው ክርስትና ስም የሌላ ሰው ነፍስ አልፈታም» አሉ። የእድሩ ዳኛ ግን ክንዴን ይዞ «ዝም በል፤ እናትየው ቀብራ ትረፍ» አለኝ። እኔ ግትር ነኝ፣ ያኔም ግትር ነበርኩ። ያኛውም ሰው አባት አለው አልኩት።

በዚህ መሃል እማማ ፅጌ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ምን እንደምንንሾካሾክ ጠየቁን።

«እማማ፣ ጌታቸው አይደለም» አልኳቸውና የጥርሱን ነገር ነገርኳቸው።

«የኔ ልጅ ጥርሱ እንደ በረዶ ነበር።»

«እርስዎን ከተሰናበተ በኋላ ነው የተሸረፈው። ዓይኔ እያየ ነው።»

ጎንበስ ብለው ወደ ሣጥኑ አዩ። ከዚያ ወደ መኮንኑ ዞሩ። «ይኸኛውስ ከሰማይ ዱብ አለ? ሂድና አባቱን አምጣ። እስኪመጡ ድንኳኑ አይነሳም።»

በማግስቱ ሽማግሌው በጭቃ የተለወሰ በረባሶ አድርገው መጡ። ሰፈሩ አይቶት ለማያውቀው ልጅ እንደገና አለቀሰ። አባት ሣጥኑን እንደ ሕፃን አቅፈው ወደ አገራቸው ሲሳፈሩ፣ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ቢሉ ያዝኳቸው። ድንኳኑ የዚያን ቀን ተነሳ። እማማ ፅጌም ጥቁራቸውን አወለቁ።

ሕሊና ይህን ሰምታ «ዝም ቢሉ አይሻልም ነበር፣ አባባ?» አለችኝ። አይሻልም አልኳት። ዛሬም ያው ነው መልሴ።

የቀረውን ግን አልነገርኳትም፤ ደክሞኝ ነበር። እማማ ፅጌ እስኪሞቱ ድረስ አንድ ቀን ክፉ አልተናገሩኝም። እንዳይከፋቸው ብዬ በየሰንበቱ እሄድ ነበር፣ እንደ ድሮውም ያበሉኝ ነበር። ብቻ ገና ደጃፉን ስረግጥ፣ ሳይስሙኝ በፊት፣ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ከኋላዬ ያያሉ። እኔም ሁልጊዜ ብቻዬን ነበር የምገባው።