ሩቁን ተራራ ማደብዘዝ

በደርግ ጊዜ ደባርቅ ጤና ጣቢያ ውስጥ ቁስል የማጥብ፣ መርፌ የምወጋ ድሬሰር ነበርኩ። የከተማው ሰው ግን «ዶክተር» ነበር የሚለኝ። እንዲህ እየተባለ የሚከበር፣ ትዳር የያዘ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀለም ሲያቦካ መታየቱ ነውር ነበር። እኔም ሰው ሲያልፍ አንገቴን እየቀበርኩ እሥል ነበር።

ያስጀመረኝ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የሥዕል መምህር ነው። እጁ ላይ የወጣበትን እባጭ ሳክምለት ተግባባን። ጥቂት የአክሪሊክ ቀለም ቱቦዎች ነበሩት። ሸራ ስላልነበረን መፈክር የተጻፈበት አሮጌ ኮምፔንሳቶ እየገለበጥን ጀርባው ላይ እንሥላለን። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ነፋሱ ቀለሙን ወዲያው ስለሚያደርቀው፣ እኔ በአሮጌ ሲሪንጅ ውኃ ጠብ ጠብ አደርግበታለሁ። መምህሩ በዚህ በጣም ይስቅ ነበር፤ በሥዕሌ ግን አይስቅም፣ ይበሳጫል።

«ሩቁ ተራራህ ዘሎ ሊወድቅብን ነው! ወደ ኋላ መልሰው እንጂ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«ነጭ ጨምርበት፣ ትንሽ ሰማያዊም። ጠርዙን አታስምረው፣ ይደብዝዝ።»

ብዙ ቅዳሜ ከዚያ ተራራ ጋር ስታገል ከረምኩ።

አንድ ቀን መምህሩ ስብሰባ ተጠርቶ ብቻዬን ወጣሁ። ለካ በዚያው ቀን የሚስቴ አባት ከዳባት መጥተዋል። ቄስ ናቸው፤ የቆሎ ተማሪዎችም ያስተምራሉ። ሚስቴ ቀለም ሊቀባ ሄደ ማለት አፍራ፣ «ሕመምተኛ ሊያይ ወጥቷል» ብላቸዋለች። ጎረቤታችን ግን የት እንደምውል ነገራቸው።

ነጭ ጥምጥማቸውን ከሩቅ ሳይ ብድግ አልኩ። ሥዕሉን ገልብጬ ሣሩ ላይ ደፋሁት። በዘንጋቸው መሬቱን እየዳሰሱ ደረሱ።

«ሕመምተኛው የታለ?»

 ጎንበስ ብለው በእጃቸው እየፈለጉ ኮምፔንሳቶውን አነሡት። ሣር ተጣብቆበታል። አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ አስጠጉት። ተግሣጹን እየጠበቅኩ ቆምኩ።

«ተራራ ነው?»

«አዎ፣ አባ።»

«ይኼኛውን ምነው እንዲህ ጉም አለበስከው?»

«ሩቅ ስለሆነ ነው፣ አባ። ሩቅ ነገር እንደዚያ ነው የሚታየው።»

ሥዕሉን ከአፍንጫቸው አራቁት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ ቅርቡንም እንዲህ ነው የማየው፣ ልጄ» አሉኝ።

ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙሬ አየሁ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ ወጥቷል። በየበዓሉ አብረውኝ እንጀራ ሲቆርሱ፣ ጽዋ ሲያቀብሉኝ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሲያወጉኝ የነበሩ ሰው ናቸው። እኔ የገደሉን ጥላ ከገደሉ ለይቼ ለማየት ዓይኔን ሳጠብብ ከርሜአለሁ። የተሸከምኩት «ዶክተር» የሚል ስም ያን ቀን አቃጠለኝ።

«መቼ ጀመረዎት?»

«ቆየ። ዳዊቱን በቃሌ ነው የምደግመው። ተማሪዎቹ እንዳያውቁብኝ መጽሐፉን ገልጬ እይዛለሁ። አንተንም ልንገርህ እያልኩ ስንቴ መጥቼ አፍሬ ተመለስኩ።»

ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤት መለስኳቸው። 

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ ጎንደር ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሐኪሙ አንዱን ዓይን አዳነው፤ ሌላው አልሆነም። ወፍራም መነጽር አድርገው ቤታችን ባረፉበት ሳምንት፣ «እስቲ ያንን ሥዕልህን አምጣው» አሉኝ። ልደብቀው አስቤ ነበር፤ ሚስቴ ቀድማኝ አወጣችው። ደጅ ላይ ፀሐይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ተራራውስ ተራራ ነው። ግን ይኼን ጎመን እዚህ አፋፍ ላይ ማን ተከለው?»

«ጅባራ ነው፣ አባ።»

ያ ከሰው የሚረዝም የደጋ ተክል ጎመን ሲባል ሚስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ሮጠች።

ሥዕሉን ዳባት ወስደው እንግዳ የሚያስተናግዱበት ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ለገባ ሁሉ፣ «የልጄ ባል ነው የሣለው» ይላሉ። ከዓመታት በኋላ እጄ ሲፈታ የተሻለ ሠርቼ ልለውጥላቸው ይዤ ሄድኩ።

አዲሱን አመስግነው ተቀበሉኝ፤ አሮጌውን ግን አላስወርድ አሉ። «በዳነው ዓይኔ መጀመሪያ ትኩር ብዬ ያየሁት እኮ ይኼንን ነው» አሉኝ።

በዚያች ሰዓት የገቡ ሁለት ካህናት አሮጌውን ቀና ብለው እያዩት ነበር። እኔ ጆሮዬ ድረስ ግሎኝ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ተቀመጥኩ።