በባሕር ላይ የቆጠርኩት ሰባት ቤት

በደርግ ጊዜ ጄኔቫ፣ ኦ ቪቭ ሰፈር፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት አሮጊት ቤት እሠራ ነበር። ገበያ መሄድ፣ ቤት መጥረግ፣ ባለ ጎማ ወንበራቸውን መግፋት፣ ሥራዬ ይኸው ነው። ማዳም ነበር የምላቸው። ትውልዳቸው ዙሪክ ነው፤ ጄኔቫ ያመጣቸው ትዳር ነው። ስለዚህ ጀርመንኛውንም ፈረንሳይኛውንም እኩል ይናገራሉ።

አንድ ዓመት ብርዱን ሸሽቼ በመርከብ ልዙር አሉ። ወራት የሚፈጅ ጉዞ ነው። ወንበሩን በደረጃ የሚያነሳ ሁለት ሰው ስለሚያስፈልግ፣ «ከአገርህ ልጆች አንድ ጨዋ ፈልግልኝ» አሉኝ። ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቲኮን፣ መጋዘን የሚሠራ ወዳጅ ነበረኝ። እሱን ነገርኳቸው፤ ተስማሙ፤ ቲኬት ተቆረጠ።

የተጣላነው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ወዳጄ እህት አለችው፣ አብራው ትኖራለች። ላገባት ፈለግኩ፤ እሷም ወደደች። «ወንድሜ ካልፈቀደ ግን አይሆንም» አለችኝ። እውነቷን ነው። አባታቸው አዲስ አበባ ታስረዋል፣ እናታቸው በሕይወት የሉም፣ አገር ቤት የሚላክ ደብዳቤ ደግሞ እየተከፈተ ይነበባል። አባቷም እናቷም እሱ ሆነ። ሽማግሌ እንዳልልክ፣ ያን ጊዜ እዚያ አገር ያለነው በጣት የምንቆጠር ነን፤ ሁላችንም ጎረምሶች። ስልክ ደወልኩና ጠየቅኩት።

«አንተ ሰውዬ፣ እህቴን በስልክ ነው የምትጠይቀኝ? የሚሸጥ ፍሪጅ አለ ብለውህ ነው?» አለና ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። ለማዳም ቃል ሰጥቷልና መርከቡ ላይ ግን ወጣ። አንድ ክፍል ሰጡን፤ እሱ ላይኛው አልጋ፣ እኔ ታችኛው። ሳስነጥስ እንኳን ይማርህ አይለኝም። ማዕድ ስንቀርብ ጨው ከፈለገ ለማዳም በጀርመንኛ ይነግራቸዋል፣ እሳቸው በፈረንሳይኛ ለእኔ ይነግሩኛል፣ እኔ ለእሳቸው አቀብላለሁ፣ እሳቸው ለእሱ። ማዳም መጀመሪያ ላይ በአገራችን እንዲህ ነው የሚበላው ያሉ ይመስለኛል። እኔ ግን የቀሩትን ቀናት እቆጥር ነበር። ጉዞው ሳያልቅ ካልታረቅን፣ ተመልሶ ዲቲኮን ከገባ በሩን እንደማይከፍትልኝ አውቀዋለሁ።

ከየብስ ከተለየን ብዙ ቀን ሆኖን ሳለ፣ አንድ ጠዋት ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ደሴት ልናይ ነው አለ። ወደብ ስለሌለው አንቆምም፣ በአጠገቡ ብቻ እናልፋለን። ማዳምን እኔ ከፊት እሱ ከኋላ ሆነን ወደ ላይ አወጣናቸው። ሰው ሁሉ በአንድ ወገን ተሰብስቧል። ደሴቱ ጥቁር ገደል ነው፣ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ የወጣ፤ ጫፉ ላይ ደመና እንደ ቄስ ጥምጥም ተጠምጥሟል። ከግርጌው ትንሽ አረንጓዴ፣ ጥቂት ጣሪያ፣ የድንች እርሻ ይታያል።

ማዳም መርከቡ ያደለውን ወረቀት እያነበቡ ነገሩን፤ ለእሱ በጀርመንኛ፣ ለእኔ በፈረንሳይኛ። ነዋሪዎቹ ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ስለሌለ እርስ በርሳቸው ይጋባሉ።

ወዳጄ ፊቱን ወደ ባሕሩ እንዳዞረ፣ ለማንም ሳይሆን፣ በአማርኛ፣ «ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ?» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ሳያጣራ፣ እንዲያው ዝም ብሎ» አለ።

ይኼኔ ገባኝ። ቅር ያሰኘው ስልኩ ብቻ አይደለም። እኔን ያወቀኝ ስዊስ ነው። የማን ዘር እንደሆንኩ፣ ምናልባትም የሥጋ ዘመዱ ልሁን አልሁን፣ የሚነግረው ሰው የለም። ጽፎ እንዳይጠይቅ አገሩ ደብዳቤ የሚከፈትበት አገር ነው።

ወደ ማዳም ጎንበስ ብዬ ነገሩን ከሥሩ አጫወትኳቸው። «ሽማግሌ ይሁኑኝ» አልኩ።

«ምንድን ነው የማደርገው?»

«ይለምኑልኛል።»

«ተቀምጬ ይሆናል?»

«ደንቡ ቆሞ ነው። እርስዎ ይፈቀድልዎታል።»

ኮፍያቸውን አስተካከሉና በጀርመንኛ ጀመሩ። ጀርመንኛ አላውቅም፤ ፊቱን ብቻ አያለሁ። ቃላቸውን ሲሰማ ከተደገፈበት ብረት ተነሣ፣ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። እስኪጨርሱ አላቋረጣቸውም። ከዚያ አንድ ነገር አላቸው።

«ዘርህን ቁጠር ይልሃል» አሉኝ።

ከአባቴ ጀመርኩ። አንድ ስም በጠራሁ ቁጥር ማዳም ተቀብለው በተሰባበረ አንደበት ለእሱ ያስተላልፋሉ። ስም እኮ ትርጉም አይፈልግም። አጠገቤ ቆሞ ጥርት አድርጎ ሰምቶኛል፤ ግን ከእሳቸው አፍ እስኪወጣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ራሱን ይነቀንቃል፣ በጣቱ ደግሞ የራሱን ወገን ያስተያያል። የቅድመ አያቴ ስም ማዳምን አስቸገራቸው፤ ደጋገሙት። እሱ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነከሰ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ እኔው ጠፋኝ። አባቴ በልጅነቴ ከእንቅልፌ ቀስቅሶ ያስቆጥረኝ ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ እንደዚያው ከመጀመሪያው ስጀምረው መጣልኝ። ሰባተኛውንም ጨመርኩ።

«እናቱስ?» አስባለ።

የእናቴንም ቆጠርኩ። እስክጨርስ ደሴቱ ከኋላችን ቀርቷል፣ ተመልካቹም ወደ ምሳ ሄዷል።

አሁን ረዘም አድርጎ ተናገረ። ማዳም አዳመጡና አንገታቸውን ደፉ።

«አዝናለሁ» አሉኝ። «ዛሬ መልስ የለም። ከዘመድ ልምከር፣ እሑድ ተመለሱ ይላል። አንድ ሽማግሌም አይበቃም፣ ሦስት ሆናችሁ ኑ ይላል። እዚህ ባሕር መሐል ዘመዱ የት አለና ነው? ያሾፋል ይህ ሰው።»

እኔ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

«ምን ያስቅሃል? እምቢ አለህ እኮ!»

«የለም ማዳም። እኛ ዘንድ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ወንድም የለም፤ እህቱን ያቃለለ ይመስልበታል። እምቢ ያለ ሰው ቀጠሮ አይሰጥም።»

ዘወር ብለው አዩት። ጀርባውን ሰጥቶን፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እንደ ልጅ አባት ቆሟል።

«እንግዲያው እሑድ ምን ልልበስ?» አሉኝ።

ነጭ ካለዎት ነጭ አልኳቸው። ምሳቸውን አስበልቼ የቀሩትን ሁለቱን ፍለጋ ወጣሁ። መርከቡን የሞሉት ጡረተኞች ናቸው፤ አንዱን ከአንዱ መምረጥ ነበር የቸገረኝ።