ለሐሙስ የተጋገረ ፖም

ፖም የሞላበትን ማዳበሪያ ላምበረት መናኸሪያ የተቀበልኩት ዓርብ ቀን ነው። ረዳቱ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ለቀቀልኝና፣ «ወንድምዎ ናቸው የላኩት። ‹ቆመህ ብላ› በልልኝ ብለዋል፤ እኔ አይደለሁም አባባ፣ እሳቸው ናቸው» አለኝ። ልጁ ነገሩ አልገባውም። እኔ ገብቶኛል።

የዛሬ ስድስት ዓመት ታናሽ ወንድሜ ደብረ ብርሃን አጠገብ ካለው ካባታችን መሬት ላይ ገብሱን ትቶ ፖም ተከለ። ልጄ አፕል ትለዋለች፣ እኛ ፖም ነው የምንለው። በእናታችን ተዝካር ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ይሄ የፈረንጅ እንጨት ያፈራ ቀን ጥሩኝ፤ ቆሜ እበላዋለሁ» አልኩ። ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ሁለተኛ ካንተ ቤት እህል ብቀምስ!» ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ላይም ሠርግ ላይም እንገናኛለን፣ እኔ ቤት ግን እህል ቀምሶ አያውቅም። ጠቡን ያመጣው የኔ አፍ ነው፣ አልክድም። ይቅርታ ማለት ግን አይሆንልኝም። አባታችንም አይሆንለትም ነበር።

ማዳበሪያው ሲፈታ ፖሙ ትንንሽ ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ግማሹ በመንገድ ተጨፍልቋል። በላን። ለኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ጎረቤት ሁሉ አደልን። የግቢው ጥበቃ እንኳ «በቃኝ አባባ» አለ። እሁድ ላይ ገና ግማሽ ማዳበሪያ ቀርቶ ቤቱ ጠላ ጠላ መሽተት ጀመረ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደወለ። «ዓይኔን ሐኪም ቤት ልታይ ረቡዕ እገባለሁ። ሰላም ብዬህ አልፋለሁ። የማድረው ላምበረት ከሚስቴ ወንድም ዘንድ ነው» አለ።

ስልኩ ሲዘጋ ባለቤቴ ሳቀች። «ረቡዕን አውቆ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ሐምሌ ነው፤ የሐዋርያት ጾም ተፈቷል፣ ፍልሰታ አልገባም። በሳምንቱ ውስጥ ያሉት የጾም ቀኖች ረቡዕና ዓርብ ብቻ ናቸው። ጠዋት መጥቶ፣ «ጾም ነኝ» ብሎ፣ ተነስቶ ሊሄድ ነው። መሐላውም አይፈርስ፣ እኔንም የናቀኝ አይመስል።

ልጄ ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። ፖሙ በስኳር ይበስልና ከላይም ከታችም ሊጥ ለብሶ ይጋገራል። «ፓይ ነው አባባ፤ የተጨፈለቀውም አይጣልም» አለች። ሊጥ ከሆነማ ለኔ ተዉት አልኩ። ገርጂ ዳቦ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ሊጥ ሳቦካ ነው የኖርኩት።

ሰኞ ጀመርን። እሷ ታነባለች፣ እኔ እሠራለሁ።

«አትሸው ይላል፣ አባባ። በጣት ጫፍ ነካ ነካ ብቻ።»

«ያልታሸ ሊጥ ሊጥ አይደለም» አልኩና አሸሁት። እጄ የሚያውቀው እሱን ነው። ከኦቭኑ ሲወጣ ባለቤቴ ቢላ ብታደርግበት ቢላው ተመለሰ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ኢምፔሪያል አካባቢ ላለው ጫማ ሰፊ ስጠው። ጥሩ ሶል ይወጣዋል።»

ማክሰኞ እንደገና ተነሳሁ። ባለቤቴ፣ «ነገ ጾም ነው፣ በዘይት አድርገው» አለች። ልጄም በዘይት እንደሚሆን አነበበችልኝ። አሰብኩበት። በዘይት ብሠራው ሰዓቱ አልደረሰም ይላል። ሰዓቱ ቢደርስ ሌላ ሰበብ አያጣም።

«ቅቤ» አልኩ። «እሱ ረቡዕን ከመረጠ እኔ ሐሙስን መርጫለሁ።»

ለጋውን ቅቤ ከፍሪጅ አውጥቼ ዱቄቱ ላይ ከተፍኩት። እጄ ይሞቃል፣ ቅቤው ይቀልጣል፤ የሐምሌን ውሃ ከቧንቧ ለቅቄ እጄን እያቀዘቀዝኩ ሠራሁ። አለማሸት ከማሸት ይከብዳል። በጠርሙስ ዳምጬ ሳነሳው ተቀደደ፤ እንደ አሮጌ ሸሚዝ ጣፍኩት። ሁለት ቦታ ላይ የጣፍኩት እስከ መጨረሻው ይታይ ነበር። ግን ሲወጣ ቀላ ብሎ፣ ጠርዙ በጣት ሲነካ ፍርፍር ይላል።

ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ገባ። ጃንጥላውን ሳይለቅ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን በደከመ ዓይኑ አየት አደረገ።

«ምንድነው?»

«ፖምህ ነው።»

ጎንበስ ብሎ አሸተተው። «ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ቅቤ አለው?»

«አለው።»

«ዛሬ ረቡዕ መሆኑን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ነገ ሐሙስ ነው።»

ባለቤቴ ሳቋን ይዛ ወደ ማድቤት ገባች። እሱ ወደ ልጄ ዞረ። ነገ የሚታይበት ሐኪም ቤት የት እንደሆነ ጠየቃት። ቦሌ ነው አለችው። «እንግዲያማ ከላምበረት ይልቅ ከዚህ ይቀርባል» አለና ጃንጥላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

አደረ። ያን ቀን የቀረበለትን ሽሮ ግን አልነካም፤ ከቦርሳው ዳቦ ቆሎ አውጥቶ ቆረጠመ።

ሐሙስ ጠዋት ቆርጬ አቀረብኩለት። ማንኪያ ጠየቀ። በማንኪያው ፖሙን ብቻ ከውስጥ እየዛቀ በላ። «ፖሙ የኔ ነው» አለ። የማለው እህል ላይቀምስ ነውና ልክ ነው። ሳህኑ ላይ ቅርፊቱ ባዶውን ቀረ፤ እሱ የኔ ዱቄት ነው፣ የኔ እጅ ነው። ትኩር ብሎ አየው። እኔም የራሴን ቁራሽ ይዤ ፍሪጁ አጠገብ እበላ ነበር፣ ቆሜ። ያልኩትን ነው የምፈጽመው።

ቀና ብሎ አየኝ። ሳህኑን አየ። ከዚያ ቅርፊቱን በእጁ ሰብሮ አፉ ውስጥ ጨመረው። ቀስ ብሎ አኘከ። ዋጠ።

«ጨው አንሶታል» አለ።

«አንሶታል» አልኩ።

ሁለተኛውን ሰበረ። «ተቀመጥ እንጂ» አለኝ፣ «ምን ይገትርሃል?»

ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ።