የጎተትኩት መኪና

ትናንት ፍኖተ ሰላም አስፋልቱ ዳር ሻይ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንዲት ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ኮሽ ሳትል መጥታ አጠገቤ ቆመች። አብረውኝ የተቀመጡት ወዲያው ክርክር ጀመሩ። የቻይና ይሻላል፣ የጃፓን ይሻላል፣ የኤሌክትሪኩ ቀረጥ ቀለል ይላል፣ ባትሪው ግን የቡሬን ጭቃ ይችላል ወይ። ከመኪናዋ የወረዱት አብሮ አደጌ አወቀና ሚስቱ የሺ ነበሩ። በዚህ ዕድሜዬም ቀናሁ።

ያኔ በወጣትነታችን እኔ የአጎቴን አሮጌ የጣሊያን የጭነት መኪና እነዳ ነበር። ከቡሬ በቆሎ፣ ከጅጋ ጤፍ እጭናለሁ። ጩኸቱ ከጋራው ማዶ ይሰማል፤ ሞተሩ ግን ክረምት ከበጋ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥሎኝ አያውቅም። አወቀ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ለእርሻ ብሎ ከቀረጥ ነፃ ያስገባትን አዲስ የጃፓን ፒካፕ ይዞ ከች አለ። እኛ ብንገዛት ቀረጧ ከዋጋዋ ይበልጥብን ነበር፤ እሱ እቴ፣ እንዲያው መጣችለት።

«የጣሊያን ሞተር አይሞትም» እለዋለሁ።

«አይሞትም፤ ሰውን ግን ያደነቁራል» ይለኛል።

የሺ የሰፋቻቸውን ቀሚሶች ጅጋ ገበያ ወስዳ ትሸጣለች። ሁሌም የምትመላለሰው በእኔ ጋቢና ነው። ለመስቀል ሽማግሌ ልልክባት ወስኛለሁ፤ ለማንም ግን አልተነፈስኩም።

ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ ገበያ ሲበተን፣ የሺ የአወቀን መኪና አየች። «ዛሬ እንኳ ቀሚሴ ናፍጣ አይሽተት» ብላኝ እሱ ዘንድ ገባች። ከኋላ ከኋላቸው ነዳሁ። ዳገቱ ላይ ፒካፗ ሳል ሳል አላትና ቀጥ አለች። ደስታዬን አልደብቅም፣ ልቤ ጮቤ ረገጠ።

የነዳጅ ማጣሪያውን ስንፈታው ውሃ ወረደ። አወቀ ራሱን ያዘ። ጠዋት ቄሱ መኪናዋን ጠበል ረጭተውለት ሲሄዱ እናቱ የተረፈውን ይዘው ቀርተዋል። ሲነሳ «ውስጧንም ባርኬልሃለሁ ልጄ» ብለውት ነበር። ለካ ጠበሉን ነዳጅ መሙያው ውስጥ ገልብጠውታል።

ገመድ አሰርን። ዝናቡም መጣ።

«የሺ፣ ነይ እኔ ዘንድ፤ ጋቢናው ይሞቃል» አልኳት።

«እየተጎተተ ብቻውን ሲሆን ይከፋዋል። እዚሁ ልሁን» አለች።

እስከ ፍኖተ ሰላም ዓይኔን ከመስታወቱ አልነቀልኩም። ቶሎ ላደርሳቸው ፈልጌ ነበር፤ የሚጎተት መኪና ግን በዝግታ ነው የሚሄደው። የተጠበሰ እሸት በቆሎ ለሁለት ቆርሰው እየፈለፈሉ ያወራሉ። የሺ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። የእነሱ ሞተር ሞቷል፣ ሹክሹክታ እንኳ ይሰማቸዋል። እኔ ዘንድ ስትቀመጥ «ምን አልክ?» ከማለት በቀር ምን ብላኝ ታውቃለች? ዝምታዋ ዓይን አፋርነት ይመስለኝ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ለመስቀል ሽማግሌ የላከው አወቀ ሆነ። እናቱ እስኪያርፉ ድረስ «ጠበሉ ሥራውን ሠርቷል» ይሉ ነበር።

ትናንት አወቀ «ና እንጂ፣ ቤትህ ላድርስህ» አለኝ። ከኋላ ገባሁ። ሽንኩርት ማለቁን፣ የልጃቸውን መደወል፣ የጣሪያውን ማፍሰስ በለሆሳስ እየተጫወቱ ሄዱ። አንድም ቃል አላመለጠኝም።

ሰፈሬ ስወርድ ጎረምሶቹ መኪናዋን ከበው «ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ፤ ለመሆኑ የትኛው ሞተር ይሻላል?» አሉኝ። የአጎቴን መኪና አሰብኩ። ምነው ከጅጋ መልስ፣ የሺ አጠገቤ ሳለች፣ አንድ ቀን ቆሞልኝ በነበር።