ታንጉት ድምፅዋን ያጣችበት ዓመት

ታንጉት ሽበሺ ዳባት ተወልዳ፣ ጎንደር ተምራ፣ ደባርቅ ላይ ባዮሎጂ ስታስተምር አስራ አንድ ዓመት የሞላት መምህርት ነበረች። ድምፅዋ ትልቅ ነበር። በሩ ክፍት ከሆነ የእሷ ተማሪዎች ስለ ሴል ሲማሩ የጎረቤት ክፍል ተማሪዎችም ሳይወዱ በግዳቸው አብረው ይማሩ ነበር። ባሏ ዓለምብርሃን የደረስጌ ልጅ ነው፤ እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር ነበር። እሱ ደግሞ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጡ የጀመረውን ጨዋታ ጫማውን አውልቆ አልጋ ላይ ሲወጣም አይጨርሰውም።

የኮሪያው ነገር የመጣው ሳይታሰብ ነው። የስሜን ተራሮችን ሊያዩ የመጡ ጡረታ የወጡ ኮሪያውያን ባልና ሚስት ደባርቅ ሁለት ቀን ቆዩ። ሰውየው ዕድሜውን በአስተማሪነት የጨረሰ ስለነበር ትምህርት ቤት አሳዩኝ አለ። የዓለምብርሃን ክፍል መስኮት ሥር ቆሞ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አዳመጠ። ከዓመት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ወዳጆቹ የሚያስተዳድሩት ገጠር ውስጥ ያለ ትንሽ አዳሪ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል፤ ሚስቱም መምህርት ከሆነች ሁለቱንም ይቀበላል ይላል። ለሁለት ዓመት።

የታንጉት እናት ወይዘሮ ታየች ነገሩን ሲሰሙ «አንድ ላይ ነው የምትሄዱት?» ብለው ጠየቁ።

«አንድ ላይ ነው እማ።»

«እንግዲያ ይሁን። ተለያይታችሁ ቢሆን እሺ አልልም ነበር።»

ቪዛው ከዓመት በላይ ፈጀ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ለማግኘት ስንት ቢሮ እንደተመላለሱ ታንጉት ዛሬም ስታስታውሰው ጉልበቷን ያማታል። በመጨረሻ ቁልፋቸውን ለእናቷ ሰጥተው ሄዱ።

ትምህርት ቤቱ ከሩዝ ማሳዎች በላይ፣ ኮረብታ ወገብ ላይ የተሠራ ነው። ከታች ያለው መንደር ከአሮጊትና ከሽማግሌ በቀር ሰው የለበትም፤ ወጣቱ ሁሉ ከተማ ገብቷል። ተማሪዎቹ ስልሳ ቢሆኑ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ አስራ ሁለት ይቀመጣሉ። ደባርቅ ሰባ ተማሪ ስታስተምር ለኖረችው ታንጉት መጀመሪያ ላይ ዕረፍት መስሏት ነበር። ዕረፍት አልነበረም። አስራ ሁለቱም በየቀኑ ይጽፋሉ፤ የጻፉት ሁሉ በማግስቱ ታርሞ መመለስ አለበት። ጠዋት በደወል ይነሳሉ፣ ከተማሪ ጋር ቁርስ፣ ከዚያ ትምህርት፣ ከዚያ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ ከዚያ ስብሰባ። ስብሰባው በኮሪያኛ ስለሆነ ባልና ሚስቱ ምንም ሳይገባቸው ቀና ብለው ተቀምጠው ይጨርሱታል።

በወር አንድ ቅዳሜ ደግሞ መምህራኑ በሙሉ ዱላና ቦርሳ ይዘው ተራራ ይወጣሉ። ስሜን እግር ሥር ያደገ ሰው ተራራ የሚወጣው ማዶ ጉዳይ ሲኖረው ነው። ታንጉት ጫፉ ላይ ደርሳ «አሁንስ ወዴት ነው?» ብላ ስትጠይቅ ባልደረቦቿ ሳቁ። ወዴትም አልነበረም። ፎቶ ተነስተው ተመለሱ።

ከሁሉም የቀረቧቸው የወጥ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ሚን ናቸው። ጎበጥ ያሉ፣ ከስልሳ ያለፉ ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ሁዳዴ ባልና ሚስቱ ነጭ ሩዝ ብቻ ሲበሉ አይተው ተጨነቁ። ጎመኑ ለምን ቀረ? ታንጉት በስልኳ እየተረጎመች ነገሩን ለማስረዳት ሞከረች። ኪምቺ የሚሉት በርበሬ የበዛበት ጎመናቸው ውስጥ ጨው የገባ ትንንሽ የባሕር እንስሳ አለ፤ እኛ ደግሞ በጾም እንስሳ ነክ ነገር ሁሉ አንበላም። ወይዘሮ ሚን ከሳምንት በኋላ ክዳኑ ላይ ምልክት የተደረገበት አንድ ማሰሮ አመጡ። ለእነሱ ብቻ፣ ያለ እንስሳ የተሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ረቡዕና ዓርብን ሳይቀር ግድግዳው ላይ ምልክት አድርገው ይከታተሉላቸው ጀመር። ታንጉትን ሲጠሯት «ሶንሴንግኒም» ይሏታል፤ መምህርት ሆይ እንደማለት ነው። በእናቷ ዕድሜ ያለች ሴት እንዲህ አክብራ ስትጠራት ታንጉት ዘወትር ታፍራለች፤ ብድግ እያለች ነው የምትመልሰው።

ግን ድካሙ ውስጥ ውስጡን በላቸው። ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ይለፈልፋሉ፤ በኮሪያኛ ይቅርታ ይጠይቃሉ። አማርኛ የሚያወሩባት ያቺ አንዲት ክፍላቸው ስትቀር ሌላ ቦታ የላቸውም፤ እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ጉልበት የለም። ያ ወሬኛ ዓለምብርሃን «ነገ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያንቺ ነው የኔ?» ከሚለው በቀር የሚናገረው ጠፋ። እሁድ ሁለቱም እንደ ሬሳ ተኝተው ይውላሉ። አንድ ላይ መሄዳቸው ደስ ያሰኛቸውን እናቷን ስታስብ፣ አንድ ላይ መሆን እንዲህ ነው እንዴ ትላለች ለራሷ።

በሁለተኛው ዓመት አገር ቤት መንገዱ ተዘጋ፤ ኔትወርኩም ጠፋ። ታንጉት በየጠዋቱ ዳባት ትደውላለች። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም» የሚለውን ድምፅ ሰምታ፣ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ክፍል ትገባለች። እስኪመሽ ታስተምራለች፣ ታርማለች። እዚያ ምን እንዳለ የሚያውቅ ባልደረባ የለም፤ ለመንገርም ከየት እንደሚጀመር አታውቅም።

በዚያ መኸር ድምፅዋ ሻከረ። ማር በሙቅ ውሃ ጠጣች፣ ዝንጅብል አኘከች፤ አንድ ሐሙስ ስለ ደም ዝውውር እያስተማረች ሳለ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ድምፁ ጥርቅም ብሎ ጠፋ። ሐኪሙ ጉሮሮዋን በቀጭን ካሜራ አይቶ፣ የድምፅ አውታሯ ላይ ትንንሽ እብጠት እንዳለ በስዕል አሳያት። ለስድስት ሳምንት አንድ ቃል እንዳትናገር። ማንሾካሾክም ክልክል ነው።

ትምህርት ቤቱ ሌላ ሰው ስላልነበረው ክፍሎቿን ዓለምብርሃን ደረባቸው። በሳምንት አስራ ስምንት የነበረው ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ሆነ። እሷ ከኋላ ተቀምጣ ደብተር ታርማለች፤ እሱ የማያውቀውን ባዮሎጂ እሷ ከጻፈችለት ወረቀት እያነበበ ያስተምራል። ፊቱ ገረጣ፣ ሱሪው ሰፋው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ብቻዋን ሳለች ስልኳ ጮኸ። የአክስቷ ልጅ ፋንታዬ ነበር፤ ወይዘሮ ታየችን ለሕክምና ጎንደር ወስዷቸው፣ ኔትወርክ አግኝቶ መደወሉ ነው። ስልኩን ወዲያው ለእሳቸው ሰጣቸው።

«ሃሎ? ሃሎ፣ ታንጉዬ?»

የእናቷ ድምፅ ነው። ከአራት ወር በኋላ። ታንጉት የሐኪሙን ነገር ረሳችው። «እማ» አለች። የወጣው ድምፅ ግን የእሷ አልነበረም፤ የሻከረ፣ የወፈረ ድምፅ ነው።

«ማን ነህ?» አሉ ወይዘሮ ታየች። «ታንጉትን ፈልጌ ነበር የኔ ወንድም።»

«እማ… እኔ…»

«አይሰማም። ይቅርታ፣ ሳንሳሳት አልቀረንም። ፋንታዬ፣ ይኼ ሌላ ሰው ነው፤» ሲሉ ተሰማት። ስልኩ ተዘጋ። መልሳ ብትደውል፣ ብትደውል፣ አልገባ አላት። የክፍል መግቢያ ደወል ተደወለ። ዓይኗን ጠርጋ ደብተሮቹን አቅፋ ከባሏ ኋላ ክፍል ገባች።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ርእሰ መምህሩ ኮሪደር ላይ አገኛትና በሁለት እጁ ጨበጣት። «ባልሽ ነገረኝ። ሦስት ዓመት ትጨምራላችሁ። በጣም ደስ ብሎናል» አላት በእንግሊዝኛ። ታንጉት የምታውቀው ነገር አልነበረም። ልናገር ብትል አትችልም። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና አለፈች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ዓለምብርሃን ሲነቃ ደብተር ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኛት። «ሳትነግረኝ ፈርመሃል?» ይላል።

ተነስቶ ተቀመጠ። «ልነግርሽ ነበር። ታመምሽ፣ ከዚያ…»

እሷ መጻፍ ጀምራለች።

«ስሚኝ እንጂ ታንጉ! የጀመርነው ቤት አለ። እናቴ ደረስጌ ብቻቸውን ናቸው፤ ደባርቅ አመጣቸዋለሁ ብያለሁ። አሁን ተመልሰን ምን እንሆናለን? መንገዱ ዝግ፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ…»

ድምፁ ከፍ አለ። እሷ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። እስክትጨርስ መጠበቅ ግዴታው ሆነ። እስክሪብቶው ወረቀት ላይ ሲንፏቀቅ እያየ፣ እግሩን ከአልጋው አወረደ። ሰጠችው።

«እናቴ ደውላ ነበር። ማን ነህ አለችኝ። ወንድ መሰልኳት። አንተን ክፍል ውስጥ ስለነበርክ አልጠራሁህም። ማታም አልነገርኩህም፤ ደክሞህ ነበር። እዚህ ሁልጊዜ ደክሞሃል። እኔም ደክሞኛል። ሦስት ዓመት ከጨመርን ማን እንደምንሆን አላውቅም።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ደብተሩን ተቀብሎ፣ መናገር የሚችል ሰው ሆኖ ሳለ፣ እሱም ጻፈ። ጽሑፉ አጭር ነበር። «እኔም መቆም አቅቶኛል። ክፍል ውስጥ ሰሌዳውን ተደግፌ ነው የምቆመው። ያልነገርኩሽ እንዳትሰጊ ብዬ ነው።»

ሲመሽ ድረስ ተራ በተራ ጻፉ። አምስት ገጽ ሞላ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያንን ያህል ተነጋግረው አያውቁም።

ሰኞ ዓለምብርሃን ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቶ ሃሳቡን መቀየሩን ተናገረ። ሰውየው አልተቆጣም። የትምህርት ዘመኑን እንዲጨርሱ ብቻ ለመናቸው። ጨረሱ። የታንጉት ድምፅ ከስድስት ሳምንት በኋላ በግማሽ ተመለሰ፤ ቀሪው ግማሽ ላይመጣ እንደሚችል ሐኪሙ አልደበቃትም። ወይዘሮ ሚን የመለያያው ቀን መንገድ ድረስ ሸኟት። ማንኛቸውም የሌላውን ቋንቋ አልቻሉም። ቆመው ተያዩ፣ አውቶቡሱ መጣ።

ዳባት ሲደርሱ ወይዘሮ ታየች በር ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ልጃቸው ስትናገር ደግሞ ቀና ብለው አዩዋት። «ያ ቀን…» አሉ፣ «አንቺ ነሽ እንዴ የኔ ልጅ?»

«እኔ ነኝ እማ።»

«አፈር ልብላ። ስልኩን ዘጋሁብሽ።»

ደባርቅ ላይ ጎረቤቱ ምን ይዘው እንደመጡ ሊያይ ተሰበሰበ። ሁለት ሻንጣ ነበር። የጀመሩት ቤት ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያ የለውም። ርእሰ መምህሩ ጋሽ ገሠሠ ታንጉትን አዳምጠው ፀጉራቸውን አከኩ።

«እንዲያው አንድ ክፍል ስልሳ ስምንት ነው። በዚህ ድምፅ… መዝገብ ቤት ላድርግሽ?»

«የለም ጋሽዬ። ላስተምር።»

«እንግዲህ አንቺው ታውቂያለሽ።»

የመጀመሪያው ቀን ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች «መምህር፣ አይሰማም!» አሉ። በማግስቱም አሉ። በሦስተኛው ቀን ሰሌዳው ጋ መቆሙን ተወች። አንዱን ነገር ከፊት ትናገራለች፣ በወንበሮቹ መሃል እስከ ኋላ ትሄድና እንደገና ትናገረዋለች። ሁሉን ሁለቴ እያለች ስታስተምር ትምህርቱ ወደ ኋላ ቀረ። ከገና በፊት ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ዕቅዷን አገላበጠና ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ እንደቀረች ጽፎ አስፈረማት። ፈረመች። እውነቱን ነው። ዓለምብርሃን በሁለቱም ፈረቃ ስለሚያስተምር ሊያግዛት አይችልም።

ቅዳሜ ማካካሻ አደርጋለሁ ብላ ማስታወቂያ ለጠፈች። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ብዙው እንደማይመጣ ታውቃለች። ሠላሳ አንድ ተማሪ መጣ፤ ሁሉንም የፊት ወንበሮች ላይ ሰብስባ፣ ራሷም ወንበር ስባ ተቀምጣ፣ አንድ ምዕራፍ ጨረሰች። ስትወጣ እግሯ ከብዷት ነበር። ነፋሱ ከተራራው ወርዶ መንገዱን ያቦናል። ገበያው ሳይበተን ሽንኩርት ልግዛ ብላ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ቀስ እያለች ወደ ታች ወረደች።