ከቆመው ቁጥር ፊት

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ምን ይወጣዋል? ጸጉሩ እስኪሸብት አስተካክሎ የሠራው ነው ወይስ በአንድ ረፋድ የሳተው? ፈላስፎች ይህን ጥያቄ ሲያገላብጡ ኖረዋል፤ የሆስፒታሉ ሰዎች ግን ከምሳ በፊት መልሰውት አረፉ።

ሰውየው የሆስፒታሉ የሰርቨር ጠጋኝ ነበር። ሰርቨር የሕሙማኑን መዝገብ ሁሉ የሚይዘው ትልቁ ኮምፒውተር ነው። ሲበራ ውስጡን በየተራ ይፈትሻል፤ የደረሰበትንም ደረጃ በትንሽ መስኮት ላይ በቁጥር ያሳያል። ቁጥሮቹ መሮጣቸውን ትተው አንዱ ላይ ከተገተሩ ሕመሙ እዚያ ነው። ይህን በማንበብ የሚደርስበት ስላልነበረ «ጋሼ ቁጥሩ» ይሉት ነበር። ሚስቱ እንኳ ምድጃው እምቢ ሲላት፣ «ና እስቲ፣ ይሄኛውስ ስንት ይላል?» እያለች ትስቅበት ነበር።

ስሙን ወደደው። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው በተመሰገነበት ነገር መማሩን ያቆማል።

አዲስ ማሽን መጣ። አንድ ረፋድ መብራት ድንገት ሄዶ ሲመለስ አልነሳም አለ። ቁጥሮቹ ሮጡ፣ ሮጡና ቀጥ አሉ። በአሮጌዎቹ ማሽኖች ቢሆን ሜሞሪው ሞቷል ማለት ነው። ደጁ በሕሙማን ተጨናንቋል። አስተዳዳሪው ከጀርባው ይቁነጠነጣል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቁጥሩ ከዳዎት እንዴ?»

አብራው የምትሠራው ባለሙያ ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ ትንሽ ብንታገሠውስ? ይሄ አዲሱ እኮ ዝም ብሎም ይሠራል።»

«አንቺ ደግሞ! እኔን ነው ቁጥር የምታስተምሪኝ?» አለና የመብራቱን ገመዶች መዥርጦ ነቀለ።

ማሽኑ ግን ሕያው ነበር። መብራቱ ሲሄድ የተበላሸበትን የማስነሻ ፕሮግራም ከመጠባበቂያው እየገለበጠ፣ ራሱን በራሱ እያከመ ነበር። እሱ መሀል ላይ ቆረጠው። ገመዶቹን መልሶ ቢሰካቸው ቁጥር የሚባል አልታየም፤ መስኮቱ ጨልሞ ቀረ።

ሆስፒታሉ በወረቀት ሲንገታገት ሰነበተ። ማንም አልጮኸበትም። የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ተቀብለው እሱን ዕቃ ቤት፣ ከተሰባበረ ኪቦርድ ጋር አስቀመጡት። ቀልደኞቹ ስሙን «ጋሼ ንቀለው» ብለው ለወጡት። ይህን ቻለው። ሚስቱ ምድጃው ሲበላሽ ዝም ብላ ሌላ ጠጋኝ መጥራቷ ግን አንጀቱን ቆረጠው።

ከውጭ የመጡ ባለሙያዎች የማሽኑን ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ ቀይረው ሊያስነሱት ሆነ። ያን ዕለት ሰውየው ወደ አስተዳዳሪው ቢሮ ገባ፤ ተቀመጥ ያለው የለም። ገመዱን ከነቀለ ወዲህ ከሰው የለመነው ይህን ብቻ ነው፤ ሰሚ እንጂ ፈቃጅ አላገኘም።

«አልነካውም። እጄን ኪሴ ከትቼ በሩ ላይ ልቁም። ያ ቁጥር ጋ ደርሶ ሲያልፍ ብቻ ልየው።»