ለእያንዳንዷ ቁራሽ ምስጋና

አስተናጋጁ የተጠበሰውን ሥጋ አስቀምጦ ዞር እንዳለ፣ ከጎናችን የተቀመጡት ሴትዮ የባላቸውን ሳህን ሳብ አድርገው ሥጋውን በትናንሹ ቆራረጡትና ሰው ሳያይባቸው ቶሎ መለሱላቸው። አንገታቸው ላይ ሁለት መነጽር ተንጠልጥሏል፤ አንዱ የወንድ ነው። ሹራባቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ከንፈራቸውን ግን ቀለም ተቀብተዋል።

ሽማግሌው በየቁራሹ ሹካቸውን አስቀምጠው፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤት። እርስዎም ይብሉ እንጂ" ይሏቸዋል። ሴትዮዋም እንደ ሙሽራ አንገታቸውን ደፋ ያደርጋሉ።

ጸልዬ በቀረብኩበት ማዕድ ላይ ቅናት ያዘኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። የእኔው ባል በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

"ምን ያፈዝሻል? ብዪ፣ ይቀዘቅዝብሻል" አለኝ አፉ ሙሉ እንደሆነ።

"ሰው እንዴት እንደሚበላ እያየሁ ነው።"

"እኔን አታዪኝም?"

"አንተንማ አይቼ ጨርሻለሁ።"

ይህን ጊዜ ሴትዮዋ ተነሥተው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

"እህቴ፣ እጄን ታጥቤ እስክመለስ እኔ ወንበር ላይ ቁጭ በዪልኝ፤ ብቻውን ሲሆን ይፈራል። ያቺ ደግ ሴትዮ ማን ናት ብሎ ከጠየቀሽ፣ ሚስትዎ ናት በዪልኝ።"